የማይሞላው ሞላ

«አንድ ሰዓት ትነሣለች፣ እንዳትዘገይ» አለኝ፤
በሌሊት ወደቡ ደረስኩ፣ የባሕር ዳር ውሻ እየሸኘኝ።
ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሁለት ተኩልም ሄደ፤
ይብራው እንኳ ቁርሱን በልቶ ወደ ደሴቱ ነጎደ።

አንገቴ ላይ ያጠለቅኩት ማተብ አይደለም፣ ቺንጋ ነው፤
ደቅ ላይ የቆመ ወፍጮዬን ሦስት ሳምንት ያስጠበቀው።
ሁለት ቀን ከጋራዥ ጋራዥ ዞርኩ፣ በዘመድ ቤት አደርኩ፤
አሮጌውን በክር ለክቼ አምሳያውን አገኘሁ፣ ዋጋውን ተበደርኩ።

ረዳቱ ሞላ ይባላል፣ እናቱ ያወጣችለት ስም፤
«ሞላ!» ብለን ብንጠራው፣ «የለም» ይላል፣ «አልሞላም!»
«ጠጋ በሉ እስቲ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» እያለ፣
ሰው በሰው ላይ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ፣ በግ በበግ ላይ ቆለለ።
«ሠላሳ ሰው» ከሚል ጽሑፍ ሥር፣ ቀለሙ ከለቀቀው፣
ስልሳ ስምንት ቆጠርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው።

ቀኝ እግሬ የኔ ነው፣ ግራው የማን እንደሆነ እንጃ፤
ጭኔ ላይ ተቀምጧል የማላውቀው ሰው ስጋጃ።
ወይዘሮ ዝማም ዶሯቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣
«ክርንህን ልጄ! እንቁላሏን በመንገድ እንዳትጥለው!»
ሸራው የተቀደደው ፀሐይ በሚመጣበት ጎን፤
በደህናው በኩል ያሉት የካፒቴኑ ዘመዶች ይሆን?
ሕይወት አድን ጃኬት ካለ ብሎ አንዱ ቢፈልግ አጎንብሶ፣
አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱንም ካፒቴኑ ተንተርሶ!
የቅሬታ ደብተር ነበር አሉ፣ በገመድ የታሰረ፤
ገመዱ አሁንም አለ።
ደብተሩ ቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ቀረ።

አንድ ወጣት «አይዟችሁ፣» አለ፣ «ባቡር ይመጣል አሉ።»
«ይምጣ፣» አሉ ሽማግሌው፣ ሽንኩርቱ ክምር ላይ እንዳሉ፤
«ብቻ አስቀድሞ ይጣራልኝ የረዳቱ ስም፤
ሞላ ከሆነ አልሳፈርም።»

አራት ሰዓት ላይ ተነሣን፤ ማንም እልል አላለም፤
ጣና ጸጥ ብሎ ተኝቷል፣ እሱ ቀጠሮ የለበትም።
ከዘጌ ማዶ፣ ደቅ እንደ ቅንድብ ጠቁራ ስትታይ፣
ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ዝም አለ፤ ቀረን ውኃው ላይ።

«ገንዘቤን!» «ማርያም ድረሽ!» «ካፒቴኑ የታለ?»
እንደ ሞተ እባብ ያለ የተበጠሰ ቺንጋ ይዞ ብቅ አለ።
ያኔ ነው ሞላ በሕዝቡ ላይ እየተረማመደ፣
ዓይኑ ከዓይኔ ተነሥቶ ወደ አንገቴ የወረደ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጮኸም። ያ ነው የከፋኝ፤
ስልሳ ስምንት ሰው በዝምታ አንገቴን አየኝ።
ወይዘሮ ዝማምም አዩኝ። ወፍጮዬ ደጅ ከተሰለፈው ጆንያ
የፊተኛው የሳቸው ነው።
«በል ስጠው» አሉኝ፤ «ዱቄትስ ሰው ሲኖር አይደል የሚበላው?»

ሰጠሁ። ረዘመ። በቢላ ቆረጡት፣ በሽቦ ሰፉት፤
የሁለት ቀን ዙረቴን ከነብድሬ መተሩት።
ሞተሩ ተነሣ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ፤
አፌም ከኔ ሳይመክር እልልታውን ተቀላቀለ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደረስን። ልጆች ወደቡ ላይ ጠበቁኝ፤
ጀልባዋን ሲያዩ «መጣ!» አሉ፤ አንገቴን ሲያዩ ተዉኝ።
ሞላ ትከሻዬን መታ፤ «እንዲህ ያለ ውለታ አይረሳም፤
እሑድ ቲኬት አትቆርጥም፣ ለአንተ ቦታ አይጠፋም።
ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ትነሣለች፣» አለኝ፣
«አደራ፣ እንዳትዘገይብኝ።»

ጀልባዋ ወደ ጎርጎራ ዞረች፤ ባትታይም በጨለማ፣
ቺንጋዬ በሆዷ ሲዞር እስከ ቤቴ ድረስ ተሰማ።